ይሉኝታን ጭኖ ድንበር መሻገር፦ በትንሽ ገንዘብ ውጭ አገር ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቀደም ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ የሠፈራችን ልጅ “ናይሮቢ ልሄድ ነው፣ ስንት ብር ይበቃኛል?” ብሎ ጠየቀኝ። የአውቶቡሱን፣ የአልጋውን፣ የምግቡን አንድ በአንድ ስንደምር ቆየን። ኋላ ላይ ሳስበው ግን ዋናውን ወጪ ረስተነዋል። እኔን ውጭ አገር ያከሰረኝ የአልጋ ዋጋ አልነበረም፤ ይሉኝታዬ ነው። አንዲት ቀላል ቦርሳ አንግቤ የወጣሁ መስሎኝ፣ ለካስ ወሎን ሙሉ ተሸክሜ ኖሯል።

ከአገር የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ በሞያሌ በኩል በየብስ ናይሮቢ፣ አንዴ ደግሞ ልብስ ከሚነግድ ዘመዴ ጋር ኢስታንቡል። ሁለቱንም ሳንቲም እየቆጠርኩ ነው የዞርኩት። ቀጥዬ የምነግራችሁ ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው። ጥቂቶቹን ከጓደኞቼ ተበድሬያለሁ።

“አይ፣ በልቻለሁ” ማለት

በዚህኛው ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ብዙ አስርቦኛል።

ደሴ ሰው ቤት ስትገቡ የምግብ ግብዣ የራሱ ሥርዓት አለው። “ብሉ” ትባላላችሁ። “አይ፣ አሁን በልተን ነው የመጣነው” ትላላችሁ። አልበላችሁም። አለመብላታችሁን ባለቤቷም ታውቃለች። “አፈር ስሆን!” ትላለች። “ኧረ በእውነት ጠግበናል።” “በሞቴ!” ሲባል እጃችሁን ትታጠባላችሁ። መጀመሪያ “እሺ” ያለ ሰው ሆዳም ነው፤ አንዴ ብቻ “ብሉ” ብላ ዝም ያለች ደግሞ ንፉግ ናት። ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን “አይጠየፍ” ብለው በሰየሙበት ከተማ ያደገ ሰው እንግዳ ሳይበላ ይሄዳል ብሎ አያስብም።

ናይሮቢ የጓደኛዬ ጓደኛ የሆነ አንድ ኬንያዊ ቤት ሁለት ቀን አረፍኩ። ቀን ላይ ኡጋሊና ሱኩማ ዊኪ ሠርቶ “ትበላለህ?” አለኝ። ኡጋሊ ጠጠር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው በሉት፤ ሱኩማ ደግሞ የኛው ጎመን። ያውም በጾም ወቅት ለሚሄድ ሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ ብቻ በምን እንደተቁላላ መጠየቅ አይከፋም። እኔም እንደ አገሬ ልማድ “አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ” አልኩ። “እሺ” አለና ቁጭ ብሎ በላ። ሁለተኛ ጥያቄ የለ፣ “በሞቴ” የለ። እኔ ጠረኑን እያሸተትኩ ግድግዳ አያለሁ። ሱኩማ ዊኪ በስዋሂሊ “ሳምንቱን ግፋው” እንደማለት ነው፤ በርካሽ ገዝተው ሳምንቱን የሚሻገሩበት ስለሆነ። እኔ ግን ያቺን ከሰዓት እንኳን መግፋት አቃተኝ። ማታ ወጥቼ ከቁጠባዬ ላይ ጥብስ በላሁ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ቃሌን አምኖ ነው። ሲጠይቋችሁ ከራባችሁ “አዎ” በሉ፣ አለቀ። የሚገርመው ኢራኖች ከኛ የባሱ ናቸው። “ታሮፍ” የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ባለታክሲው ገንዘብ ስትሰጡት “ኧረ ምንም አይደል” ሊላችሁ ይችላል። የምሩን አይደለም። ደጋግማችሁ ለምናችሁ መክፈል አለባችሁ። አንድ ወሎዬ እዚያ ቢሄድ የሚቸገር አይመስለኝም።

ሰውን በግድ ማጉረስ

የፊተኛው ስህተት ግልባጭ ነው። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ እናቴ የቋጠረችልኝን ቆሎ አወጣሁ። አጠገቤ አንዲት ኬንያዊት ሴት ተቀምጣለች። ለብቻ መብላት ነውር ነውና “እንብላ” አልኳት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። “አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም” አለችኝ። ይሉኝታ ይዟት ነው ብዬ ደገምኩ። እምቢ አለች። ሦስተኛ ጊዜ ጨብጬ ወደ እጇ ሳስጠጋላት ብድግ ብላ ሌላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ናይሮቢ ስደርስ አበሾቹ ሳቁብኝ። ኬንያ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ምግብና መጠጥ እያቀረቡ ተሳፋሪ አደንዝዘው የሚዘርፉ ሌቦች ስለነበሩ፣ “ከማታውቀው ሰው ምንም አትቀበል” የሚለው ምክር እዚያ የታወቀ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ “በሞቴ” ያልኩት ቸርነት መስሎኝ ነው። እሷ ደግሞ አንድ ሌባ ያውም ግትር ሌባ አየች። አንዴ ጋብዙ፤ እምቢ ካሉ ቆሏችሁን ለብቻችሁ ቆርጥሙ። እናንተም ብትሆኑ መንገድ ላይ ከማታውቁት ሰው አትቀበሉ፤ ይቺን ለመናገር እንኳን ትንሽ ያሳፍረኛል።

በቅንድብ “አዎ” ማለት

እኛ “አዎ” ለማለት ሁልጊዜ አፍ አንከፍትም። ቅንድብ ብድግ ማድረግ ይበቃል። ይህ ቱርክ ላይ ጣጣ አለው። ቱርኮች ቅንድባቸውን ወይም አገጫቸውን ወደ ላይ ብድግ ሲያደርጉ፣ አንዳንዴም “ጭ” ሲሉበት፣ “የለም” ማለታቸው ነው።

ኢስታንቡል ውስጥ ላሌሊ የሚባለው ሠፈር የልብስ ጅምላ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነው። የኛም ነጋዴዎች ያዘወትሩታል። ጠዋት ጠዋት ቁርሴ ሲሚት ነበር፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ፣ ርካሽ ነው። ሻጩ አንዱን ሰጠኝና ሌላውን አንስቶ በዓይኑ ጠየቀኝ። ቅንድቤን ብድግ አደረግኩ። መለሰው። እንደገና አሳየኝ፣ እንደገና ብድግ አደረግኩ። ሰውየው ግራ ገባው። እኔ “አዎ፣ አዎ” እያልኩ፣ እሱ “አይፈልግም፣ አይፈልግም” እያለ ስንተያይ ዘመዴ ደርሶ ገላገለን። በተገላቢጦሹ ደግሞ “መጠኑ አለ?” ብዬ ስጠይቅ ቅንድቡን ብድግ ያደረገ አንድ ባለሱቅ ደጃፍ ላይ፣ “አለ” ብሎኛል ብዬ ረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ።

አየር ወደ ውስጥ ስበን “እህ” የምንላትም “አዎ” እንዲሁ ናት። የማያውቅ ሰው የደነገጣችሁ ወይም የሆነ ነገር የወጋችሁ ይመስለዋል። ህንድ ውስጥ ደግሞ ጭንቅላት ግራና ቀኝ ወዝወዝ ማድረግ ብዙ ጊዜ እሺታ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ የአገሩን “አዎ” እና “አይ” ከመነሳታችሁ በፊት ልመዱ። በቱርክኛ “ኤቬት” እና “ሃይር”፣ በስዋሂሊ “ንዲዮ” እና “ሃፓና”። ከዚያ በአፍ ተናገሩ፣ ቅንድብ ይረፍ።

“ሞቼ ነው ቆሜ!”፣ ሒሳብ ሲመጣ

ደሴ ካፌ ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ የሚነሳውን ትግል ታውቁታላችሁ። አንዱ የአንዱን እጅ ይይዛል፣ ሌላው ለአስተናጋጁ በኪሱ ይወሽቅለታል። ዛሬ የከፈለ ነገ ይከፈልለታል፤ ሒሳቡ በዓመቱ ይጣጣማል።

መንገድ ላይ ግን ነገ የለም። ኢስታንቡል ባደርኩበት ርካሽ ማደሪያ፣ ስምንት አልጋ ያለው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ጀርመናውያን ወጣቶችን ተዋወቅኩ። ማታ አብረን በላን። ሒሳብ ሲመጣ እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ኪሴ ገባ። አንዴም አልታገሉኝም። “በጣም እናመሰግናለን!” አሉ፣ ከልባቸው። የሁለት ቀን ምግቤ ሄደ። በነጋታው እነሱ ይከፍላሉ ብዬ ጠበቅኩ። አስተናጋጁ ሲመጣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን በሳንቲም ቆጥረው አስቀመጡ፣ የኔንም ድርሻ በትህትና ነገሩኝ። እዚያ ለየብቻ መክፈል ስስት አይደለም፤ ማንም የማንም ባለዕዳ እንዳይሆን ነው። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ገና ስትቀመጡ “የየራሳችንን ነው አይደል?” በሉ። አፍ ላይ ትከብዳለች። ተለማመዷት።

ስድስት ሰዓት መደመር፣ መቀነስ፣ እንደገና መደመር

ትኬት ላይ 8:00 ብሎ ስታዩ የኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስህተቱ የሚመጣው ሰው ይህን በደንብ ከለመደ በኋላ ነው። ኬንያውያን በእንግሊዝኛ ሲናገሩ እንደ ፈረንጅ ይቆጥራሉ። በስዋሂሊ ሲናገሩ ግን ልክ እንደኛ ከንጋት ነው የሚነሱት፤ “ሳ ምቢሊ” ማለት ቃል በቃል ሁለት ሰዓት ነው፣ የኛው ሁለት ሰዓት። እኔ ሆዬ ቁጥር በስዋሂሊ ስለተማርኩ ኮርቼ፣ የሞምባሳው አውቶቡስ ረዳት “ሳ ምቢሊ” ሲለኝ “አሃ፣ የነሱ ሁለት፣ የኛ ስምንት” ብዬ ቀየርኩት። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን አንግቤ ስደርስ አውቶቡሱ መንገዱን አጋምሷል። ትኬቱ ተቃጠለ። ሰዓት ሲነግሯችሁ “ጠዋት ነው ማታ?” በሉና ስልካችሁን አውጥታችሁ በጣት አስነኳቸው።

እናት የጠቀለለችውን ሳያዩ መሻገር

እናቶቻችን ሁሉን ነገር በፌስታል ነው የሚጠቀልሉት። ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ጀምሮ የላስቲክ መያዣ ከረጢት አግዳለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ሽሮውንም በርበሬውንም ወደ ጨርቅ ከረጢት ገልብጡት።

ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የምትሄዱ ከሆነ ቋንጣና ቅቤ በሻንጣ አይገባም። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ጫትን በተመለከተ ቀልድ የለም። እዚህ ከምሳ በኋላ እንደዋዛ የሚያዝ ነገር ነው፤ ኬንያም ውስጥ “ሚራ” ብለው በገበያ ይሸጡታል። ድንበሩን ተሻግራችሁ ታንዛኒያ ስትገቡ ግን ያው ቅጠል ወንጀል ነው። እንግሊዝም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። “ለጓደኛዬ አድርስልኝ” የተባለ ጥቅል ከማንም ቢሆን አትቀበሉ፣ አክስታችሁም ብትሆን። ይሉኝታ እስር ቤት የሚያስገባው እዚህ ላይ ነው።

ጥቃቅኖቹ

ኬንያና ታንዛኒያ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። አስፋልት ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ናይሮቢ ውስጥ ማታቱ የሚሏቸው ታክሲዎች ዝናብ ሲጥል ታሪፍ ይጨምራሉ። ደሴ ላይ ቢሆን ኖሮ ባለታክሲ ሁሉ ፎቅ በሠራ ነበር።

ታይላንድ የሄደ ጓደኛዬ የሰው ሕፃን ጭንቅላት ዳበሰና እናትየዋ ፊቷ ተለወጠ። እዚያ ራስ የተከበረ የአካል ክፍል ነው፤ የማያውቁትን ሰው ራስ አይነኩም። በሁለት እጅ መስጠትና መቀበላችንን ግን አትተዉ። ኮሪያ ውስጥ ይኸው ልማድ አለ፤ ታላቅ ሰው ፊት ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደገፍ አድርገው ይሰጣሉ። ከደሴ ይዛችሁ የወጣችሁት ሁሉ ስህተት አይደለም።

ተመልሶ መጥቶ መርሳት

የመጨረሻው ስህተቴ ደሴ ላይ ነው የተፈጸመው። ከኢስታንቡል በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ጋ ሰላም ልላቸው ከእናቴ ጋር ገባሁ። ቡናው አቦል ላይ ደርሷል። “ምሳ ላቅርብልህ?” አሉኝ። ርቦኝ ነበር። “እሺ፣ ያቅርቡልኝ” አልኩ፣ በመጀመሪያው።

ጀበናውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። “አፈር ስሆን” ሊሉ የተዘጋጁት አፋቸው ላይ ቀረ። ወጡን እያወጡ ወደ እናቴ ዞረው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ “ምነው ልጁን፣ እዚያ አገር አያበሉትም ነበር እንዴ?” አሏት።