ቶኮን እስኪወጣ ምን እየሰራን እንጠብቅ? ለታግ ፋይቲንግ ጌም መዘጋጃ

የማርቬል ቶኮን ፋይቲንግ ሶልስን (የማርቬል ጀግኖች የሚደባደቡበት ጌም) ትሬይለር በቃላችሁ የያዛችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው። በፈረንጆቹ ጁን 2025 ሶኒ ጌሞቹን በሚያሳይበት ስቴት ኦፍ ፕሌይ ላይ ድንገት ለቀቁት፣ ከዛ ወዲህ ወሬው ሁሉ የትኛው ካራክተር ይገባል የትኛው ይቀራል ሆኖ ቀረ። ለማያውቅ ባጭሩ፣ ጊልቲ ጊርን እና ድራጎን ቦል ፋይተርዝን የሰራው የጃፓኑ አርክ ሲስተም ወርክስ ነው የሚሰራው፣ ለፒኤስ5 እና ለፒሲ፣ 2026 ተብሏል፣ ውጊያው ደግሞ 4 ለ 4 ታግ ነው፣ አንድ ሰው አራት ካራክተር ይዞ እያቀያየረ ይጫወታል ማለት ነው። የስትሪት ፋይተር ባለቤት ካፕኮም የለበትም፣ ስለዚህ እንደ ድሮው ሪዩ ከዎልቨሪን ጋር አይገጥምም፣ ግን ስፓይደርማን ስቶርም ዶክተር ዱም ጎስት ራይደር ስታር ሎርድ ሁሉም ባንድ ስክሪን ሲደባደቡ ማየት ለክሮስኦቨር ናፋቂ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። ጌሙ የወጣ ቀን ካራክተሮቹን ጠንቅቆ የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም አዲስ ነው፣ የዛን ቀን የሚያሸንፈው በየትኛውም ታግ ጌም ላይ የሚሰራውን ነገር እጁ ያስለመደ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ዛሬ ባሉት ጌሞች ይለመዳል። ሮስተር ሊክ (ሾልኮ ወጣ የሚባል የካራክተር ዝርዝር) ሲያሳድድ የከረመ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጥግ ተይዞ ሲቀጠቀጥ ነው የሚውለው።

መጀመሪያ ግን አሰልቺውን ነገር ጨርሰን እንገላገል። ፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን ኦንላይን አገልግሎት) በይፋ ኢትዮጵያን የሚያውቃት አገር አርጎ አይደለም፣ ለዛ ነው እዚህ ያለው አካውንት ሁሉ አሜሪካ ወይ እንግሊዝ ወይ ኤምሬትስ ተብሎ የተከፈተው። የአካውንት አገር አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም፣ ጊፍት ካርዱም ከዛው አገር ካልሆነ አይገባላችሁም፣ ስለዚህ ዋሽንግተን ያለች እህታችሁ ካርድ ልትልክ ስትል አካውንታችሁ የየት እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ዱባይ ያለው ዘመድም ከላከ እንደዛው፣ የዱባይ ካርድ ለአሜሪካ አካውንት ምንም አያደርግም። ፒሲ ያላችሁ ደግሞ ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫው) ላይ ስለሆነ ችግር የለም ብላችሁ እንዳትተኙ። ሜይ 2024 ላይ ጎስት ኦፍ ሱሺማ ኦንላይኑ ፒኤስኤን ስለሚጠይቅ ተብሎ ፒኤስኤን በሌለባቸው አገሮች ስቲም ላይ ከሽያጭ ወርዷል። የቶኮንን የስቲም ገፅ ክፈቱና ሌላ አካውንት ይጠይቃል አይጠይቅም፣ ባላችሁበት አገር ይሸጣል አይሸጥም፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ የፒኤስ4 ጆይስቲክ ፒኤስ5 ላይ ቢገናኝም የፒኤስ5 ጌም አያጫውትም፣ ስለዚህ ኮንሶሉን ብቻ ገዝቼ በአሮጌው ጆይስቲክ ሁለተኛ ተጫዋች እጨምራለሁ ያለ ሰው ከወዲሁ ያስብበት።

ፕሪ ኦርደር ላይ አትቸኩሉ። የዚህ ዘውግ ታሪክ አያስተማምንም። ስትሪት ፋይተር ክሮስ ቴከን 2012 ላይ ሲወጣ 12 ካራክተር ዲስኩ ውስጥ ተቆልፎ ተገኘ፣ የገዛችሁት ዲስክ ውስጥ ያለውን ሰውዬ እንደገና ግዙ ማለት ነው፣ ሰው እንዴት እንደተናደደ። ብላዝብሉ ክሮስ ታግ ባትል 2018 ላይ በ20 ካራክተር ወጥቶ ሌላው 20 በዲኤልሲ (ከጌሙ በኋላ ለብቻው በሚለቀቅ ጭማሪ) መጣ። ማርቬል ቨርሰስ ካፕኮም ኢንፊኒት ደግሞ 2017 ላይ ያለ ኤክስ ሜን ወጣ (ያለ ማግኒቶ ያለ ስቶርም፣ አስቡት!) እና በዓመቱ ኢቮ (ትልቁ የፋይቲንግ ጌም ውድድር) የዋናዎቹ ጌሞች ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልገባም። ስለዚህ የትኛው ኤዲሽን ምን ይዟል የሚለው ቁርጥ ብሎ ሳይነገር ብራችሁን ያዙ። ሊክ ነው እየተባለ የሚዞረውን የደበዘዘ የካራክተር መምረጫ ስክሪን ፎቶ ማንም ልጅ ስልኩ ላይ ይሰራዋል፣ በሱ ምክንያት ከጓደኛ ጋር መጣላት ሞኝነት ነው።

እሺ፣ አሁን ልምምድ። በምን ጌም? ብር ማውጣት ካልፈለጋችሁ የራዮት 2ኤክስኬኦ ነፃ ነው፣ 2 ለ 2 ታግ ነው፣ አሲስት (ሲጠራ ለአፍታ ገብቶ የሚመታ አጋዥ ካራክተር) አለው፣ እና አንዱን ቡድን ሁለት ሰው ተካፍሎ ሊጫወተው ይችላል፣ አንዱ ሜዳ ላይ ሲሆን ሌላው አሲስት ይሆናል። ይሄ ለጓደኛሞች በጣም ያሪፋል። ድራጎን ቦል ፋይተርዝ ቅናሽ ሲደረግበት ጠብቁና ግዙት፣ 3 ለ 3 ነው፣ የቶኮን ሰሪዎች ስራ ስለሆነ የእጁ ስሜት ይቀርባል ብዬ ነው የማስበው። የድሮዎቹን ለምትወዱ 2024 ላይ የወጣው የማርቬል ቨርሰስ ካፕኮም ፋይቲንግ ኮሌክሽን አለ፣ ውስጡ ማርቬል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ከነ 56 ካራክተሩ አለ፣ ግን እሱ ለጀማሪ ምህረት የለውም፣ ሳቁበት እንጂ አትማሩበት።

ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ያደጋችሁ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ልማድ የቴከን እና የሞርታል ኮምባት ነው፣ ሁለቱም እዚህ ይጎዷችኋል። ሞርታል ኮምባት ላይ ብሎክ በበተን ነው። ቴከን ላይ ምንም ሳትነኩ ዝም ብላችሁ ብትቆሙ እንኳ ካራክተሩ ራሱ ብዙውን ነገር ብሎክ ያደርግላችኋል። ማርቬል አይነቱ ጌም ላይ ግን ወደ ኋላ ካልያዛችሁ ብሎክ የለም፣ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ይመታል፣ በቃ። እና ባላጋራው ዘሎ ከጀርባችሁ ሲወርድ “ኋላ” የነበረው “ፊት” ይሆናል፣ ስለዚህ አቅጣጫውን በቅፅበት መቀየር አለባችሁ። ጎበዝ የቴከን ተጫዋች ወደዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞተው በዚህ ነው፣ ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ስለማያውቅ አይደለም።

ስለዚህ ከኮምቦ በፊት ብሎክ ተለማመዱ። እንዴት? ትሬኒንግ ሞድ ግቡና ሪከርድ የሚለውን ፈልጉ፣ አሁን ያሉት ጌሞች አብዛኞቹ አላቸው። ስሎት 1 ላይ ዳሚው (የልምምድ ባላጋራው) ቁጢጥ ብሎ በእግሩ ሲመታ ቅረፁ፣ ይሄ ተቀምጦ ነው ብሎክ የሚደረገው። ስሎት 2 ላይ ዘሎ ከላይ ሲመታ ቅረፁ፣ ይሄ ቆሞ ነው። ስሎት 3 ላይ በላያችሁ አልፎ ከጀርባ ሲመታ ቅረፁ። ከዛ ሶስቱንም አብሩና ማጫወቻውን ራንደም አርጉት። አሁን ዳሚው የቱን እንደሚያደርግ አታውቁም፣ ስራችሁ መከላከል ብቻ ነው፣ አትምቱ፣ ኮምቦ አትሞክሩ፣ ዝም ብላችሁ ተከላከሉ። መሰረቱ ሁሌም ተቀምጦ ብሎክ ነው፣ ምክንያቱም ከታች የሚመጣው ምት ፈጣን ስለሆነ አይቶ መቆም ይሻላል እንጂ አይቶ መቀመጥ አይደረስም። ዝላዩን ስታዩ ብቻ ተነሱ። አስር ደቂቃ በቀን ይበቃል፣ ያሰለቻል አውቃለሁ፣ ግን ሳምንት ሳይሞላ አይናችሁ ሲፈጥን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው አሲስት ነው። ጀማሪ አሲስት የሚጠራው ሲጨንቀው ነው፣ እየተመታ በተኑን ይደበድባል፣ የሚመጣለትም የለም፣ ምክንያቱም እየተመታችሁ ብዙ ጌም ላይ መጥራት አይቻልም። አሲስት የሚጠራው ከመጨነቅ በፊት ነው። ይሄን ሞክሩ፦ ከርቀት ላይ ሆናችሁ ቀጥታ ወደፊት የሚተኩስ አሲስት ጥሩ፣ ባላጋራው ያንን ብሎክ እያደረገ ባለበት ሰዓት እናንተ ሮጣችሁ ግቡ፣ ስትደርሱ እሱ ገና ታስሯል፣ ተራው የናንተ ነው። ከዛ ወይ ከታች ትመታላችሁ ወይ ትዘላላችሁ ወይ ትወረውሩታላችሁ፣ መገመት የሱ ፈንታ ነው። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሽ ሰው ታሸንፋላችሁ። ግን ጥሪ በከንቱ አይሁን፣ ማርቬል ቨርሰስ ካፕኮም 3 ላይ አሲስታችሁ እንደወጣ ከናንተ ጋር ባንድ ላይ ከተመታ ሁለታችሁም ህይወት ትጨርሳላችሁ፣ ተጫዋቾቹ “ሃፒ በርዝደይ” ነበር የሚሉት፣ ላገኘው ሰው ስጦታ ስለሆነ።

4 ካራክተር እንዴት ልማር ብላችሁ አትፍሩ። ቶኮን ላይ አራቱም የጋራ አንድ ላይፍ ባር ነው ያላቸው፣ የምትጀምሩት በሁለት ሰው ነው፣ ሌሎቹ ውጊያው እየሄደ ነው የሚጨመሩት፣ ስለዚህ አንድ ሰው በደንብ አውቃችሁ ሌሎቹን ለአሲስት ብቻ ብትይዙ ትችላላችሁ። አንድ በተን ደጋግሞ በመጫን የሚወጣ ኮምቦም አለው። ይሄን ሲሰሙ የድሮ ተጫዋቾች “ተበላሸ፣ ለህፃን ነው” ይላሉ፣ እኔ አልስማማም። ኮምቦ ሁሉም ሰው ካለው ጨዋታው ማን ቀድሞ ነካ የሚለው ላይ ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ነው የሚጥመው።

ሆኖም ታች፣ ታች ፊት፣ ፊት፣ ከዛ በተን የሚለውን እንቅስቃሴ ጣታችሁ ይወቀው፣ ከግራም ከቀኝም። ባንዱ በኩል ብቻ የሚያወጣ ሰው ቦታ ሲቀየር ባዶ እጁን ይቀራል። በቀኝ በኩል ቆማችሁ በተከታታይ አስር ካላወጣችሁ ከዜሮ ጀምሩ። አናሎጉን ትታችሁ በቀስቶቹ ሞክሩ፣ ውድ የአርኬድ ስቲክ አያስፈልግም፣ ኢቮ ላይ ተራ ጆይስቲክ ይዘው ያሸነፉ አሉ።

ኢንተርኔቱስ? እዚህ ጋር ትንሽ ቆም እንበል፣ እኛን የሚመለከት ስለሆነ። እነዚህ ጌሞች በሰከንድ 60 ፍሬም ነው የሚሄዱት፣ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ፒንጋችሁ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 120 ሚሊሰከንድ ከሆነ ያኛው ሰው የጫነው በተን እናንተ ጋር የሚደርሰው ወደ 4 ፍሬም ዘግይቶ ነው። የድሮው ኔትኮድ (ሁለቱን ተጫዋቾች በኢንተርኔት የሚያገናኘው ሲስተም) ያንን እስኪደርስ ጌሙን ያዘገየዋል፣ ለዛ ነው ውሃ ውስጥ የምትደባደቡ የሚመስለው። ሮልባክ የሚባለው ኔትኮድ ግን አይጠብቅም፣ “የቅድሙን በተን እንደያዘ ነው” ብሎ ገምቶ ይቀጥላል፣ ግምቱ ሲሳሳት ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተካክላል፣ ካራክተሩ ብድግ ብሎ ቦታ የቀየረ የሚመስላችሁ ያኔ ነው። ድራጎን ቦል ፋይተርዝ 2018 ላይ ያለሱ ወጥቶ ሮልባክ ያገኘው 2024 ላይ ነው፣ አስቡት ስንት ዓመት። ሮልባክ የርቀትን ነገር ብዙ ይሸፍናል፣ የማይሸፍነው መዋዠቅን ነው፣ አንዴ 90 አንዴ 300 የሚል ፒንግ ካላችሁ ምንም አያድናችሁም። መዋዠቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዋይፋዩ ነው፣ ስለዚህ ከራውተሩ ኬብል ሳቡ፣ ግድግዳ ተሻግሮም ቢሆን ሳቡ፣ ቤተሰብ ቢቆጣም። በስልክ ሆትስፖት ራንክድ (ደረጃ የሚያዝበት ጨዋታ) መግባት ግን ለሌላው ሰውም በደል ነው። መብራት የሚሄድባችሁ ሰፈር ከሆነ ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ብትይዙ ጥሩ ነው፣ ቴሌቪዥኑን ባያድንም። ቴሌቪዥን ካነሳን፣ ሴቲንጉ ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩት፣ እሱ ካልበራ በተን ከተጫነ በኋላ ምስሉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ሰው ኢንተርኔቱን የሚሰድበው ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ሆኖ ሳለ ነው።

ከተቻለ ግን ሰው ሰብስቡ። አራት አምስት ልጅ፣ አንድ ቤት፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያው የምናውቀው። ያሸነፈው ለምን እንዳሸነፈ ይናገር፣ “ሁሌ ስትነሳ በተን ትጫናለህ” ምናምን ይበል፣ እንደዚህ አይነት ወሬ ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ያስተምራል።

በመጨረሻ ቤታ፣ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው ሙከራ። ሴፕቴምበር 2025 ላይ ክሎዝድ ቤታ ነበረ፣ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ከተከፈተ ወይም ጌሙ ራሱ እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያውን ሰዓት ማች ላይ አታቃጥሉት። የወደዳችሁትን አንድ ካራክተር ያዙና ትሬኒንግ ሞድ ግቡ፣ አራት ነገር ብቻ ፈልጉ፦ በጣም ፈጣኑ ምቱ የቱ ነው፣ ከላይ የሚዘልን ሰው የሚጥልለት የቱ ነው፣ ሲወረወር እንዴት ያመልጣል፣ ጥግ ሲያዝ የሚያስወጣው ምንድነው። ኮምቦውን ባንድ በተን የሚወጣው ይበቃል ለዛ ቀን። እነዚህን አራቱን ካገኛችሁ ሰርቨሩ ሳይጨናነቅ ግቡና ተጋጠሙ፣ ዶክተር ዱምን የያዘ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ታገሱ፣ መቼም ሁሉም ሰው ዱምን ነው የሚይዘው።