የድሮውን ማሾ ከመለኮሳችሁ በፊት

ሰሞኑን ለገጣፎ አክስቴ ቤት መብራት ጠፋና የድሮው ማሾ ከአልጋ ስር ወጣ። አክስቴ አዲሷን ነጭ የጨርቅ ከረጢት አሰረች። የተረፈውን ክር በጥርሷ ልትበጥስ ስትል እጇን ያዝኩ። «ምነው ልጄ?» አለችኝ።

የድሮዎቹ ከረጢቶች የሚሠሩት ጨርቁን በቶሪየም ናይትሬት ነክሮ በማድረቅ ነው። ይሄ በውሃ የሚሟሟ ጨው ነው፤ ቶሪየም ራሱ ደግሞ ጨረር አመንጪ የብረት ዓይነት ንጥረ ነገር። መጀመሪያ ስትለኩሱት ጨርቁ ይነድዳል፣ ናይትሬቱ ፈርሶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ የሚቀረው ቶሪየም ኦክሳይድ ብቻ ነው። ያ በጣት ሲነካ እንደ አመድ እርግፍ የሚለው ነጭ መረብ እሱ ነው። 3300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ ስለዚህ እሳቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያበራል። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባክ 99 እጅ ቶሪየም ኦክሳይድ ላይ 1 እጅ ሴሪየም ኦክሳይድ ሲጨምርበት ነው ብርሃኑ እንዲህ ደምቆ የወጣው። በጣም የምወደው ኬሚስትሪ ነው።

የቶሪየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ፈርሶ እስኪያልቅ የሚወስደው ጊዜ፣ 14 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ ስለዚህ በጣም በዝግታ ነው የሚፈርሰው፤ የሚለቀውን የአልፋ ጨረር ወረቀት እንኳ ያቆመዋል። በማሾው ብርሃን ራት መብላት አያስፈራም። የሚያስፈራው ብናኙ በአፍ ወይም በአፍንጫ ሲገባ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማሸጊያውን አንብቡ። ቶሪየም የለውም ወይም ኢትሪየም (ጨረር የሌለው ምትክ) ነው ካለ፣ በጨረር በኩል ሐሳብ አይግባችሁ። ምንም ካልተጻፈበት ቶሪየም እንዳለው ቁጠሩት። ክሩን በመቀስ ቁረጡ፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የመጀመሪያውን ማቃጠል ግቢ ውስጥ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ጨርሱት፣ ላዩ ላይ አታጎንብሱ፤ ቶሪየሙ ሲፈርስ የተወለዱት እንደ ራዲየም ያሉ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች በብዛት ተንነው የሚወጡት ያኔ ነው። ልጆች አይቅረቡ። ቤት ካስገባችሁት በኋላም ላምባው አየር ስለሚበላ መስኮት ገርበብ ይበል።

መረቡ ከተሰበረ እፍ አትበሉት፣ በደረቁም አትጥረጉት። እርጥብ ሶፍት ጣል አድርጉበት፣ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ ቦታውን ደግማችሁ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ፣ ሁሉንም በሁለት ፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። ምግብ አጠገብ ከሆነ የተሰበረው፣ ክፍት የነበረው ምግብ ይደፋ።

አክስቴ አሁን መቀሷን የማሾው እጀታ ላይ አስራታለች።