የተከራያችሁት ቤት የመብራት ሂሳብ ድንገት ሲያሻቅብ

ሂሳቡ ከወትሮው እጥፍ ሆኖ ሲመጣ፣ ከአከራይ ጋር ከመነታረካችሁ በፊት ቆጣሪው ጋር ሂዱ። ቢሉ ላይ ያለውን ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። የቢሉ ከበለጠ ንባቡ ተሳስቷል። ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አገልግሎት ማዕከሉ ጋር መሄድ ነው።

ልክ ከሆነስ? የቤታችሁን ብሬከር በሙሉ አጥፉና ቆጣሪውን ትንሽ ቆማችሁ እዩት። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ካላቆመ፣ የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ከዞረ፣ ሌላ ነገር በእናንተ መስመር ላይ አለ። የግቢው የውሃ ፓምፕ ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤት ክፍልም ሊሆን ይችላል። ሽቦውን ግን ራሳችሁ አትነካኩ፤ ባለሙያ ይየው።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ጣጣው ሌላ ነው። የሁላችሁም ፍጆታ አንድ ላይ ይደመራል፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ይጨምራል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። እኩል እንካፈል ከተባለ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ላጤ የሰው እንጀራ ያስጋግራል ማለት ነው! አከራያችሁ ለየክፍሉ መቁጠሪያ እንዲያስገቡ ጠይቁ። እስከዚያው ምጣድና ቦይለር ያለው ከፍ አድርጎ እንዲያዋጣ ተስማሙ፤ ቢሉ ሳይመጣ በፊት ታዲያ።