አኳሪየሜን ያለ ቺለር ያቀዘቀዝኩበት መንገድ

ሙቀቱ ሲብስ ውሃው 31 ዲግሪ ገባ፣ አሳዎቹም ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ማድረግ ጀመሩ። ይሄ ረሃብ አይደለም፣ ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ አየር አጥሯቸው ነው። ቺለር (የአኳሪየም ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ከተበላሸ ኮምፒውተር ፋኑን ፈታሁና ከድሮ ራውተር ከተረፈ 12 ቮልት አዳፕተር ጋር አገናኘሁት፣ ክዳኑን አንስቼ ጠርዙ ላይ ዘንበል አድርጌ ንፋሱ የውሃውን ፊት እንዲመታ አሰርኩት፣ በቃ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ በማግስቱ 28 ላይ ወረደ። አየሩ እርጥበት ከበዛበት ግን ብዙም አይሰራም። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ጠብታ ተከትሎት ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

ክዳን ሲነሳ አሳ ይዘላል፣ የመስኮት ወንፊት ጣል አድርጉበት። ውሃውም ቶሎ ስለሚጎድል ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ ቶሎ ቶሎ መጨመር ነው፤ የባህር አሳ ያላችሁ ጨው የሌለበትን ጨምሩ፣ ጨው አይተንማ። ሙቀት እንዳይጨምር የአኳሪየሙን መብራትም ቀን ቀን አጠፋዋለሁ። በረዶ የሰራ የፕላስቲክ ጠርሙስ መክተት የሚሉት ነገር ብዙም አይመቸኝም፣ ባንዴ አቀዝቅዞ መልሶ ስለሚሞቅ አሳዎቹን ያስጨንቃል፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለችው አንዷ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ናት።