ትንሽ ውሻን ከደረቅ ምግብ ወደ ጥሬ ሥጋ እንዴት እናሸጋግር?

ሚጢ 4.5 ኪሎ የምትመዝን፣ ነጭ ጸጉሯ ዓይኗን የሚጋርዳት የሰባት ዓመት ውሻ ናት። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። እስከ የዛሬ ሦስት ዓመት ድረስ ከውጭ የሚገባ ደረቅ የውሻ ምግብ ነበር የምትበላው። ዋጋው በየጊዜው ሲንር፣ አንዳንዴም ከገበያ ጭራሽ ሲጠፋ፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ እየኖርኩ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ወደ ጥሬ ሥጋ አዞርኳት። ዛሬ ደህና ናት። እዚህ እስክንደርስ ግን ሁለት ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ በሁለተኛው አደጋ ላይ የጣልኩት ሚጢን ሳይሆን የእህቴን ልጅ ነበር። እናንተ እንዳትደግሙት ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፦ ለእናንተ ቤት ይሆናል ወይ?

ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ጥሬ ሥጋን ለውሻ አይመክሩም። የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበርም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሰጥ ሲመክር ቆይቷል። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሥጋው ላይ ያለው ሳልሞኔላና መሰል ባክቴሪያ ውሻውን ባያሳምመው እንኳ በአፉና በዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ አቅም የከዳው አዛውንት ወይም በመድኃኒት ምክንያት በሽታ የመከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ከዚህ በታች ያለውን ልኬት ተጠቀሙበት፣ ሥጋውን ግን ቀቅላችሁ ስጡ። እኔም የእህቴ ልጅ እኛ ጋ በሚያድርበት ሳምንት እንዲሁ ነው የማደርገው።

ዓመት ያልሞላው ቡችላ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፣ ቆሽቱ ተቆጥቶ የሚያውቅ ውሻ ላይ አትሞክሩት።

ሥጋው

ቄራ የታረደ፣ የምርመራ ማኅተም ያረፈበት የበሬ ሥጋ ግዙ። ቀይ ይሁን። እኛ ጮማ ስለምንወድ ለውሻችንም የምናዳላለት በጮማ ነው፤ ስብ ሲበዛ ግን የትናንሽ ውሾች ቆሽት በቀላሉ ይቆጣል፤ ያ ደግሞ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የተፈጨ ሥጋ አልገዛም። መፍጫው ከመቼ ወዲህ እንደታጠበ አይታወቅም፣ ከላይ ያለውን ባክቴሪያም ወደ ውስጥ ያዳርሰዋል። ሥጋውን ራሴ በቢላ በባቄላ ፍሬ ልክ እከትፈዋለሁ።

የበግና የፍየል ሥጋ ከሆነ ከመስጠታችሁ በፊት በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ቢያንስ 10 ቀን ይቆይ። ሥጋው ውስጥ ያሉ የትል ከረጢቶች በቅዝቃዜ ይሞታሉ፤ ባክቴሪያ ግን በፍሪዘር አይሞትም፣ ይተኛል እንጂ።

ልኬት

ለጤነኛ ጎልማሳ ውሻ መነሻው ከክብደቱ 3 በመቶ ነው። ሚጢ 4.5 ኪሎ ስለሆነች በቀን 135 ግራም ይደርሳታል፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ። በየሳምንቱ መዝኗት፤ ከከሳች ጨምሩ፣ ከወፈረች ቀንሱ። ለዚህ ሁሉ ሥራ ገንዘብ የሚወጣበት አንድ ዕቃ ቢኖር የኩሽና ሚዛን ነው። በዓይን መገመት ለትልቅ ውሻ ያስኬድ ይሆናል፤ ለሚጢ ግን 40 ግራም ስህተት የቀን ምግቧን ሲሶ ሊጠጋ ምንም አይቀረው።

ማሸጋገሩ፤ እባካችሁ አታስጹሟት

ጥሬ ሥጋ የሚመግቡ ሰዎች እርስ በርስ የሚቀባበሉት አንድ ምክር አለ፦ "መጀመሪያ ሃያ አራት ሰዓት ከምግብ ይከልከል፣ ሆዱ ይጽዳ፣ ከዚያ ሥጋ ይሰጠው።" አምኜ አደረግሁት። በማግስቱ ጠዋት ሚጢ ከተኛችበት መነሳት አቃታት። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ስጠራት ታየኛለች እንጂ አትመጣም። ሐኪሙ ስልክ ላይ ሆኖ "አሁኑኑ ድዷን ማር ቀቢና ይዘሻት ነይ" አለኝ። የደሟ ስኳር ወርዶ ነበር። ትልቅ ውሻ አንድ ቀን ቢጾም ይችለዋል፤ እንደ ሚጢ ያለች ግን ሰውነቷ የሚያጠራቅመው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ትወድቃለች። ምግብ አላይም ብላ ግማሽ ቀን ካሳለፈች የለመደችውን ስጧት፤ ተርባ ትበላለች ብላችሁ አትጠብቁ።

የሚሠራው መንገድ ቀርፋፋው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሩቡን ሥጋ፣ ሦስት ሩቡን የቀድሞ ምግቧን። ቀጥሎ ሦስት ቀን ግማሽ በግማሽ። ከዚያ ሦስት ቀን ሦስት አራተኛው ሥጋ። ዓይነ ምድሯ ከላላ አንድ እርምጃ ተመለሱና እዚያው ቆዩ። ሚጢን ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። በዚህ ጊዜ አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ይሁን፤ የበሬ ከጀመራችሁ በበሬ ጨርሱ፣ ያለዚያ ያልተስማማት የቱ እንደሆነ አታውቁም።

አጥንት ወይስ የእንቁላል ቅርፊት?

ሥጋ ብቻውን ምግብ አይደለም። ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ወራት ሲያልፍ የውሻዋ አካል ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቷ እየሳበ መንጋጋዋንና እግሯን ያደክመዋል። ብዙዎች ይህን የሚሞሉት በጥሬ አጥንት ነው። እኔ ለትንሽ ውሻ አጥንት አልሰጥም። የዶሮ አንገት ልክ ጉሮሮዋን የሚዘጋ መጠን ነው፤ የሀበሻ ዶሮ አጥንት ደግሞ ብዙ ዘመን የቆየ ስለሆነ ከፈረንጅ ዶሮው ይልቅ ድንጋይ ነው። ከቅቅልና ከወጥ የወጣ አጥንትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የበሰለ አጥንት ሲሰበር እንደ መስታወት ይሰነጠቃል። ወጡ ራሱም ሽንኩርት አለው፣ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል።

የእንቁላል ቅርፊት ይበቃል። አጥባችሁ አሥር ደቂቃ ቀቅሉት፣ ምጣድ ላይ እስኪሰበር አድርቁት፣ በቡና መፍጫ ዱቄት እስኪሆን ፍጩት። ሙቀጫም ይሆናል፣ ግን በወንፊት ንፉት፤ ሻካራ ሆኖ ከቀረ ሆዷን ይቆርጣታል። ለአንድ ኪሎ አጥንት አልባ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ።

የሆድ ዕቃ፦ ረጋ ብላችሁ የምታነቡት ክፍል

ከጠቅላላው 5 በመቶ ያህል ጉበት፣ ሌላ 5 በመቶ ያህል ኩላሊት ያስፈልጋል። ጉበት ቫይታሚን ኤ፣ ብረትና መዳብ ይሰጣል፣ ሲበዛ ደግሞ በቫይታሚን ኤ ይመርዛል። ሚጢ ሥጋ የምትበላው በሳምንት አምስት ቀን ስለሆነ ለሳምንቱ 35 ግራም ገደማ ነው፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ።

ነገሩ ያለው ከመጠኑ ላይ አይደለም። ያን ዓመት ለፋሲካ ቤት በግ አርደን ነበር። ለዱለት ጉበቱን ስከትፍ ሚጢ እግሬ ሥር ቆማ ስትለማመጠኝ፣ በዓል ነው ብዬ ከዳር ቆርጬ ጣልኩላት። ሦስት አራት ጊዜ ከከተፍኩ በኋላ ቢላው አንድ ነጭ ነገር ላይ አረፈና ጥርት ያለ ውሃ ፊቴ ላይ ፈነጠቀ። ጉበቱ ውስጥ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ነጭ ከረጢት ነበር። ለእማዬ ባሳያት "ይሄማ ሁልጊዜ ያለ ነው፣ እሱን ቆርጠሽ ለውሻ ስጪው" አለችኝ። ጎረቤቶቻችንም ሲያደርጉ ያደግነው ይህንኑ ነው።

ለበሽታው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ከረጢቱ ሃይዳቲድ ይባላል። ውስጡ ኤኪኖኮከስ የሚባል፣ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል በእጭነት ተሞልቷል። ውሻ ሲበላው እጮቹ አንጀቱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ትሎች ይሆናሉ። ውሻው አይታመምም፣ አይከሳም፣ ምንም አያሳይም። ትሎቹ ግን በዓይነ ምድሩ እንቁላል ይጥላሉ፣ እንቁላሉ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ውሻውን አቅፎ እጁን አፉ ውስጥ የከተተ ልጅ እንቁላሉን ይውጠዋል፤ ከዚያ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ሐኪሞች ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል፤ በአገራችን ቄራዎችም ጉበትና ሳንባ ከሚጣልባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። እኛ ጥሬ ሥጋ ስንበላ የምንፈራው ኮሶ ሌላ ነው፤ እሱ ውሻን አይዝም። ውሻን የሚይዘው ይኼኛው ነው፤ ወደ ሰውም የሚመጣው ከሥጋው ሳይሆን ከውሻው ነው።

የእህቴ ልጅ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። ፋሲካን ከእኛ ጋር ነበር፣ ሚጢን ታቅፎ ነበር የሚተኛው። በበዓል ሐኪም ፍለጋ የዞርኩትን መቼም አልረሳውም። ሐኪሙ ያረጋጋኝ በአንድ ነገር ነው፦ ትሉ አድጎ እንቁላል ለመጣል 45 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ጊዜ አለን። ክብደቷን መዝኖ ፕራዚኳንተል የሚባል የትል መድኃኒት ሰጣት። ዓይነ ምድሯን ለተከታታይ ቀናት በጓንት እየሰበሰብኩ አቃጠልኩት፣ እሷንም አጠብኳት፣ ልጁ ሌላ ክፍል ተኛ። ሰፈር ውስጥ "የትል መድኃኒት" እየተባለ በብዛት የሚወጋው አይቨርሜክቲን ይህን ትል አይነካውም፤ ፕራዚኳንተል ብላችሁ ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለ አካባቢ በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ እንዲሰጥ ይመክራል፤ እኔም በየሦስት ወሩ አሰጣታለሁ።

ስለዚህ በእኔ ቤት የሆድ ዕቃ ጥሬውን አይሰጥም። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ልብም ጭምር ሰንጥቄ አያለሁ፣ ከዚያ ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ እቀቅላለሁ። "ጥሬ ካልሆነማ ጥቅሙ ጠፋ" የሚሉኝ አሉ። አልስማማም፤ የጉበት ቫይታሚን ኤ መቀቀልን ይችላል። ሳንባ ጭራሽ አልገዛም። ሥጋ ቆራጩ "እንኪ፣ ለውሻሽ ምርቃት" ብሎ ጉበት ሲያክልልኝ አመስግኜ እቀበለውና ድስት ውስጥ ይገባል። ቤት ስታርዱ ከረጢት ያለበትን ዕቃ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። በር ላይ የሚጠብቁትም ውሾች የሰፈሩ ልጆች የሚያቅፏቸው ናቸው።

ንጽሕና

እዚህ ላይ እኛ ከማንም የተሻለ ልምድ አለን። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለይቶ ባደገ ቤት፣ የሚጢን ቢላ፣ መክተፊያና ሳህን ለብቻ ማስቀመጥ አዲስ ትምህርት አይደለም። እማዬ በሁዳዴ ዕቃዋን እንዳይነካባት የምትጠነቀቀውን ያህል እኔ ዓመቱን ሙሉ እጠነቀቃለሁ። ከበላች በኋላ ሳህኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ወለሉ በበረኪና። ያልጨረሰችው ሃያ ደቂቃ ካለፈው ይጣላል።

የሚታይ ምልክት

ዓይነ ምድሯ ከበፊቱ ያነሰና ጠንከር ያለ ይሆናል፣ ያ ደህና ነው። ነጭ ሆኖ እንደ ጠመኔ ከፈረሰ የቅርፊት ዱቄቱን ቀንሱ። ጠቆር ብሎ ከላላ ጉበቱ በዝቷል። ደጋግማ ካስመለሳት፣ ጀርባዋን አጉብጣ ከቆመች ወይም ደም ካያችሁ ምንም ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም።

ጾምና መብራት

ረቡዕና ዓርብ ብዙ ሥጋ ቤት ዝግ ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ስለሆኑ ከእነሱ መግዛት ይቻላል። እኔ ግን ሳምንቱን በዚሁ ከፍዬዋለሁ፦ አምስት ቀን በድምሩ 675 ግራም ሥጋና የሆድ ዕቃ፣ ረቡዕና ዓርብ ደረቅ ምግቧን። ሥጋና ቅርፊት የማይሞሉት አዮዲንና ቫይታሚን ኢ አለና ሐኪሙም ይህን ወዶታል። በየቀኑ ሥጋ ብቻ ለመስጠት ካሰባችሁ የምትሰጡትን ዝርዝር ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ።

ሥጋውን በቀን በቀን መዝናችሁ በትናንሽ ላስቲክ አሽጉት፣ ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱት። መብራት ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፤ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ የዚያኑ ዕለት ቀቅሉት፣ ከሞቀ ጣሉት። ላስቲኩ ላይ ቀን መጻፍ አትርሱ፣ ደረቅ ምግቡም ከቤት አይጥፋ።