የሱፍ ዳይፐር ሽፋን አስቸገረሽ? ከመጣልሽ በፊት ይህን እዪ

ሱፍ ስል የጾም ፍትፍቱን አይደለም፣ የበግ ጸጉሩን ነው። ልጄን ከጨርቅ ዳይፐሩ በላይ የማለብሰው ከሱፍ ክር የተሠራ ፓንት ነው። የምንኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ እና በክረምቱም ቢሆን ከላስቲክ ፓንት እሱን እመርጣለሁ። ላስቲክ ሽንቱን ይይዛል፣ ግን ሙቀቱንም አፍኖ ይይዘዋል። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳን ሲነኩት እርጥብ አይመስልም፣ አየርም ያስገባል። በየቀኑም አይታጠብም፤ ካካ ካልነካው በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል።

ግን ብዙ እናቶች ሞክረው "ይሄማ አይሠራም" ይላሉ። እኔም ብያለሁ።

"ገና በመጀመሪያው ቀን አፈሰሰ"

መጀመሪያ ነገር፣ ሱፍ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ? እኔ "ንጹሕ ሱፍ" ተብዬ ሁለት ጥቅል ክር ገዛሁ፣ አክስቴ ሳምንት ሙሉ በኪሮሽ ለፋችበት፣ ልጁ በአንድ ሽንት አልጋውን አራሰው። ከጫፉ ትንሽ ክር ቁረጪና ክብሪት ጫሪበት። ሱፍ ከሆነ እንደተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቂው ራሱ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይሆናል። የኔው እንክብል ሆነ። አክስቴ ቡናዋን እየጠጣች "ምነው ሳልለፋበት በለኮስሽው" አለችኝ።

ሱፍ ሆኖም ካፈሰሰ ቅባቱ አልቋል ማለት ነው። በግ ዝናብ ላይ ውሎ ቆዳው ድረስ የማይበሰብሰው ከቆዳው የሚወጣ ላኖሊን የሚባል ቅባት ስላለው ነው። ክሩ ሲሠራ ታጥቦ አብዛኛው ይሄዳል፣ አንቺ መመለስ አለብሽ። ፋርማሲ ውስጥ ለሚያጠቡ እናቶች የጡት ጫፍ የሚሸጠውን ንጹሕ ላኖሊን ፈልጊ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ኩባያ የፈላ ውሃ አቅልጪ፣ ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ጨምሪና ወተት እስኪመስል አማስዪው። ሻምፖው ከሌለ ቅባቱ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል፣ ሱፉ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ለብ ካለ ውሃ ጋር ደባልቀሽ የታጠበውን ፓንት ንከሪና አሳድሪው። ጠዋት አትጠምዝዢው። በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚውና ጥላ ላይ አስጪው። በሐምሌ ለመድረቅ ሁለት ቀን ሊፈጅብሽ ይችላል፣ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሽፋን ይኑርሽ። አዲስ ከሆነ ሁለቴ ንከሪው። ደርቆ እጅ ላይ ከተጣበቀ ላኖሊኑ በዝቷል፣ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቂው።

"ሳዝለው ብቻ ነው የሚያፈሰው"

ይሄ የአንቀልባ ጣጣ ነው። ሱፍ ሲጨመቅ የያዘውን ይለቃል፣ ጀርባሽ ላይ ጥብቅ አድርገሽ ስታስሪው ደግሞ እየጨመቅሽው ነው። ከማዘልሽ በፊት ጨርቁን ቀይሪ፣ ከቂጡ ሥር አንድ ድርብ ጨምሪ። ያረጀ ጋቢ ለዚህ የሚስተካከለው የለም።

"ሸተተኝ"

ደረቁን አሽትቺው። ደርቆ ካልሸተተ ችግሩ የውስጡ ጨርቅ ነው፣ ሱፉን ተዪው። ደርቆም ከሸተተ ወይ ማጠቢያው ደርሷል፣ ወይ እርጥቡን ፌስታል ውስጥ አፍነሽዋል። በተቀየረ ቁጥር ገመድ ላይ ጣል አድርጊው፣ ንፋስ ይበቃዋል። እርጥቡ ብቻ በግ በግ ካለሽ፣ በግ ነዋ።

"ተኮማተረብኝ"

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ዝም ብላ መቀመጥ ስለማትችል፣ ያገኘችውን ጨርቅ ሁሉ በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ለቀለቀችው። ፓንቱ ለአሻንጉሊት የሚሆን ሆኖ ወጣ። የሱፍ ጸጉር ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት አለው፤ ሙቀትና እሽታ ሲገናኙ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ ከዚያ አይፈታም። መፍትሄ የለውም። ጥቅጥቅ ስላለ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም፣ ትንሽ ልጅ ላላት ጎረቤት ስጪያት። ለወደፊቱ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ጫን ጫን ብቻ። በረኪና በፍጹም! ሱፍ እንደኛ ጸጉር ፕሮቲን ነው፣ በረኪና ይበላዋል።

"ጭኑ ላይ ቀላ"

የአገራችን የበግ ጸጉር ሸካራ ነው፣ የጭኑን ጠርዝ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ክፈፊው። መቅላቱ ዳይፐሩ የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ ግን ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። በሁለት በሦስት ቀን ካልለቀቀው ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካየሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ሱፍ መድኃኒት አይደለም።

"ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ"

ብል ነው። ያልታጠበ ሱፍ ይወዳል፣ ስለዚህ አጥበሽና በደንብ አድርቀሽ አስቀምጪ። ብሉ ከገባበት ደግሞ ሱፉን ፌስታል ውስጥ ቋጥረሽ ለሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ለቤተሰቡ ግን ንገሪ። ባለቤቴ ሥጋ መስሎት አውጥቶ ሳፋ ውስጥ ሊያቀልጠው ሲል ነው የደረስኩበት። ደግነቱ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።