ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን አይሰራም፦ ችግሩ የት ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ በገበያ ቀን አራቱም የሲግናል መስመር ሞልቶ አንዲት ፎቶ በቴሌግራም ለመላክ ደቂቃዎች ይፈጃል። ሰው ወዲያው ስልኩን ይጠረጥራል። ሲሙን አውጥቶ ያብሳል፣ አጥፍቶ ያበራል፣ ያው ነው። ስልኩ ግን ምንም አልሆነም።

ስልክ ታወር የሚመርጠው በዋናነት በሲግናል ጥንካሬ ነው። ታወሩ ላይ ስንት ሰው እንደተሰቀለ አያይም። ገበያው አጠገብ ያለው ታወር ተጨናንቆ ሳለ ትንሽ ራቅ ያለው ስራ ፈትቶ ቢቀመጥም፣ ስልካችሁ በደንብ የሚሰማውን ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ መስመሮቹን ተዉና ቁጥሩን እዩ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ስለ ስልኩ በሚለው ስር የሲም ሁኔታን ክፈቱ፤ በብዙ ስልኮች በዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው) የተጻፈ ኔጌቲቭ ቁጥር ታገኛላችሁ። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። በፎርጂ -80 አካባቢ በጣም ጥሩ፣ -100 መካከለኛ፣ ከ-115 በታች ደካማ ነው። በ3 በወረደ ቁጥር የሚደርሳችሁ ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፣ ልዩነቱን አትናቁት።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ዳታው ከተንቀራፈፈ ችግሩ መጨናነቅ ነው፣ ወይም የሌላ ታወር ሞገድ እየረበሸ ነው። ኤርፕሌን ሞድ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፣ ተመልሶ ያንኑ ታወር ይይዛልና። ለጊዜው ወደ ስሪጂ ቀይሩና ሞክሩ፣ አንዳንዴ እሱ ክፍት ይሆናል። ካልሆነ ከግርግሩ ራቁ። ዋናው መፍትሄ ግን ኦፕሬተሩ እጅ ላይ ነው፤ ዳር ዳር ያሉትን ስልኮች ወደ ጎረቤት ታወር የሚገፋ ማስተካከያ አለ፣ በሶፍትዌር የሚሰራ ነው፣ አዲስ ታወር መትከል እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

ቤት ውስጥ ፎርጂና ስሪጂ ሲፈራረቅ፣ ባትሪም ቶሎ ሲያልቅ

ስልኩ ሁለቱንም በደካማው እየሰማ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይላል። ቆርቆሮ ጣሪያና ቆርቆሮ ግድግዳ ደግሞ ሞገዱን ይመልሱታል፣ የሚገባው በመስኮትና በበር ነው። ሲግናል ሲደክም ስልኩ ታወሩ ጋ ለመድረስ በሙሉ ኃይሉ መጮህ ይጀምራል፣ ባትሪውን የሚበላው ይሄ ነው። ታወሩ ወዳለበት አቅጣጫ ያለ መስኮት ላይ አስቀምጡትና ቁጥሩን እዩ። ካልተሻሻለ በሴቲንግ ስሪጂ ብቻ እንዲይዝ አስሩት። ፎርጂ ብቻ ላይ ስታስሩ ግን ተጠንቀቁ፦ ስልካችሁ ወይም መስመራችሁ በፎርጂ ድምፅ የማያስተላልፍ ከሆነ ጥሪ አይገባላችሁም፣ አይወጣላችሁምም።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ጥሪ ሲቋረጥ

የያዛችሁትን ታወር አንድ ኩርባ ላይ ገደሉ ይጋርደዋል፣ ስልኩም ቀጣዩን ለክቶ ለመሸጋገር ጊዜ አያገኝም። ይሄን በሴቲንግ አታስተካክሉትም። የሚያስቸኩል ጉዳይ ካላችሁ ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ጨርሱ። ከወጣችሁ በኋላ "ኔትወርክ የለም" እያለ ከቆየ ግን ኤርፕሌን ሞድ አብሩና ከ10 ሰከንድ በኋላ አጥፉት። ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ፍለጋውን እያራራቀ ስለሚሄድ፣ እንዲህ ካላስገደዳችሁት ይዘገያል።

ከፍታ ላይ፣ ጮቄ ተራራ አካባቢ

እዚህ ሰው የሚገረመው ነገር አለ። ሜዳው ሁሉ ወለል ብሎ እየታየ ኔትወርኩ ይበላሻል። ምክንያቱ ብዙ ሩቅ ታወሮች እኩል ስለሚሰሙና እርስ በርስ ስለሚረባበሹ ነው። በቱጂ ደግሞ በመደበኛው አሰራር ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ታወር ቢሰማም አያገናኝም፣ ስልኩና ታወሩ የሚናበቡበት የሰዓት አጠባበቅ ከዚያ ርቀት አያልፍም። ጫፍ ላይ ከመቆም ትንሽ ወረድ ብላችሁ ሸንተረሩን ከጀርባችሁ አድርጉት፤ ሩቆቹ ሲጋረዱ ቅርቡ ይጠራል።

ለኦፕሬተሩ ስትደውሉ "ኔትወርክ የለም" ብቻ አትበሉ። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትን ቁጥር፣ ፎርጂ ይሁን ስሪጂ ንገሯቸው።